የሊቀመንበሩ የባሕር ድንጋይ

ትል መግደል ያረካኛል። አንገቱን በወረንጦ ይዤ ከተደበቀበት ቀዳዳ እስበዋለሁ፣ ሲሚንቶው ላይ ጥዬም በተረከዜ እደፈጥጠዋለሁ። በዚህ ዓይነት ብዙ ገድያለሁ፤ አንዱም አላሳዘነኝም።

በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት አጠገብ ምግብ ቤት ነበረኝ። ባሌ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሁለታችንም ከወሎ መጥተን እዚያ ሙቀት ውስጥ ተገናኝተን ነው የተጋባነው። አንድ ቀን አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ሰጠውና ጉድ አመጣብኝ። ሌላው ሾፌር ከአሰብ ራዲዮና ሽርጥ ሲያመጣ፣ የኔው በጀሪካን የባሕር ውሃ፣ በባልዲ ደግሞ ኮራል ይዞ ይመጣ ጀመር። አባቶቻችን መርጃን የሚሉት፣ ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ ነው። አየሩን ከተነፋ ትርፍ ጎማ በቀጭን ቱቦ ያስገባለታል፤ ሙቀቱን ለመከላከል መስታወቱን በረጠበ ጆንያ ይጋርደዋል። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ጎማውን የምነፋው፣ ጆንያውን የማረጥበው እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ከመንገድ ሲገባ እኔን ሰላም ከማለቱ በፊት ገንዳው ፊት ቁጭ ይልና ኮራሎቹ ሲያብቡ ያያል። እቀና ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

የማያወላውል ሕግ ነበረው። አዲስ ድንጋይ እንዲሁ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ጎድጓዳው ውስጥ ትል፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ ይደበቃል፤ አንዱ ሾልኮ ከገባ ሁሉንም በልቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ድንጋዩ በመጀመሪያ ለብ ያለ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይነከራል። ጨው የለመደው ትል ጨው የሌለው ውሃ ሲነካው አብዶ ይወጣል፤ ያኔ ወረንጦና ተረከዝ የኔ ሥራ ነው። ከዚያም ድንጋዩ በባሕር ውሃ ባልዲ ውስጥ ለብቻው ብዙ ሳምንት ይቆያል።

«ወሎዬ ሆነህ እንግዳ ደጅ ታቆማለህ?» እያልኩ እስቅበታለሁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይለኛል።

ጊዜው የደም ጊዜ ነበር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ አይቼ፣ ያላየሁ መስዬ አልፌያለሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ምሳውን የሚበላው እኔ ዘንድ ነው። ማን እንዳስገደለ እያወቅኩ ውሃ አስታጥበዋለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ለኛ ንጉሡ እሱ ነበር።

የኢድ ለት ይኸው ሊቀመንበር በባልዲ ስጦታ ይዞ መጣ። ከአሰብ ያስመጣው ነው፤ ቀይ አበባ የመሰለ ኮራል የበቀለበት ድንጋይ። እኛ ዘንድ የእንግዳ ስጦታ በሁለት እጅ ተቀብለው፣ እዚያው ፊቱ ጥሩ ቦታ ያስቀምጡታል እንጂ ገልብጠው አያዩትም። ባሌ «ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ለብቻው...» ብሎ ሲጀምር ክንዱን ቆነጠጥኩት። ሊቀመንበሩ እጅጌውን ሰብስቦ በገዛ እጁ ገንዳው ውስጥ አኖረው። እኔም አላህ ይስጥልን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ከኮራሎቹ አንዱ ተግጦ፣ አጥንቱ ነጥቶ ያገኘዋል።

«ከዚያ ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው፤ አወጣዋለሁ» አለኝ።

«ኮራሉ ይለቅ። አንተ አትሙትብኝ። ድንጋዬ የት ሄደ ቢልህ ምን ልትለው ነው?»

«እውነቱን።»

ባሌ መዋሸት አይችልበትም፤ ያናድደኝ የነበረውም ይኼው ነው።

አወጣውና የቧንቧ ውሃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ነከረው። ብዙም ሳይቆይ ክንዴን የሚያህል፣ እግረ ብዙ ትል እየተገላበጠ ወጣ። ወረንጦ የሚበቃው አልነበረም። ዘነዘናውን አንስቼ ወለሉ ላይ ወረድኩበት። ለሁለት ሲቆረጥ ሁለቱም ወገን ይላወሳል። የኮራሎቹን፣ የፍርሃቴን፣ የሬሳዎቹን ሁሉ ብድር እሱ ላይ እየተወጣሁ ስቀጠቅጠው፣ ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ለምሳ ገባ።

ሳፋውን አየ። «የኔ ድንጋይ አይደለም?»

«ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ባሌ። «ትል ነበረበት። ይኸው።»

«ከኔ ስጦታ ነው ትል የወጣው?»

«ከሱ ነው።»

በጥፊ አጮለው። «ከየት ነው የወጣው?»

«ከሱ ነው።»

አንደኛው ጠባቂ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ባሌ ወደቀ፤ ጥርሶቹ ከትሉ አጠገብ ተበተኑ። «ከኛው ገንዳ ነው፣ ጓድ፣ ከኛው ነው» ብዬ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቅኩ። ሊቀመንበሩ «እሱ ይበል» አለ። ባሌ ደም ተፋና ራሱን ነቀነቀ፣ እምቢ ነው። ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ።

ተነሥቼ በያዝኩት ዘነዘና ገንዳውን መታሁት። መስታወቱ ፈነዳ፣ ባሕሩ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሦስቱም ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በቃ» አልኩት። «ትልም የለ፣ ድንጋይም የለ፣ የሚያጣላም የለ። ምሳ ይቅረብ?»

ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «ሚስትህ ካንተ ትሻላለች» አለው። እግሩ እንደራሰ ተቀምጦ በላ፤ እኔም ወጥ ጨመርኩለት። ባሌ በጉልበቱ እየዳኸ ከስብርባሪው መሐል ኮራሎቹን ይለቅም ነበር። እጁ በመስታወት ተቆርጧል። ሲመቱት ያላለቀሰ ሰው ያኔ አለቀሰ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አፉን በጨው ውሃ አጠብኩለት። «ነፍስህን ነው ያተረፍኩት» አልኩት።

«እሱ ጥርሴን ብቻ ነው የሰበረው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፣ አልሐምዱሊላህ። እሱ ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም፤ ይቅር ያለኝም አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ገንዳውን እሰብረዋለሁ።