በበረዶው ቀን በሩን ማን ከፈተ

ሰው ለሌላው ሲያስጠነቅቅ የኖረውን ነገር በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ ለምን ያደርገዋል? ሦስት ክረምት ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ከታናሾቼ እኩል ተቀምጬ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። በስደት አገር፣ ዛንድስፕሩት በሚባል የድሆች ሰፈር በነበረችው ሱቃችን የሳሙናውንም የዱቄቱንም ጀርባ ሳላነብ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥም ነበር። ባለቤቴ "ዕቃው እስኪሸጥ አንቺ ታጠኚዋለሽ" እያለ ይስቅብኛል። የከሰሉንም ከረጢት እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ ጭስ ባይታይም ይገድላል ይላል። ሕፃን ያዘለች ደንበኛ ከሰል ስትገዛ በሱቁ የብረት ፍርግርግ እያቀበልኳት "ማማ፣ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ" እላት ነበር። አንዷ "ማይፍሬንድ፣ አንቺ ሻጭ ነሽ ወይስ ነርስ?" ብላኝ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እዚያ ሰፈር የሐበሻ ባለሱቅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ስሙ ማይፍሬንድ ነው።

ከሱቁ ጀርባ በነበረች የቆርቆሮ ክፍል ስድስት ዓመት ኖርን። ከዚያ ጀርሚስተን በሚባል ከተማ የጡብ ቤት ተከራየን። ባለቤቴ ሱቁን ጥሎ መምጣት ስለማይችል ሳምንቱን እዚያው እያደረ ለእሁድ ብቻ ይመጣል። በመጀመሪያው ክረምታችን ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔና ሁለቱ ልጆች፣ የአሥር ዓመት ልጄና የአራት ዓመት ወንድሟ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻችንን ነበርን።

ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ሱቁ ጋ ስንኖር ፍርግርጉን በሳንቲም የሚያንኳኳ አይጠፋም፤ እዚህ ማንም አያንኳኳም። ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። እጄን በመስኮቱ ጠርዝ እያስኬድኩ ነፋስ የሚገባበትን እፈልጋለሁ። ያገኘሁትን ስንጥቅ ሁሉ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጠፍኩት። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ባለብዙ ቀዳዳ ጡብ እንኳ አልማርኳትም፤ ለምን እንደተሠራች አልጠየቅኩም። ስጨርስ ሻማ ለኩሼ በየመስኮቱ ያዝኩ። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። ኮራሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ፤ ሂተሩም አብሮ ጠፋ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሱቅ ያመጣነውን ማንደጃ ከጓሮ አነሣሁ። አገር ቤት እንደሚደረገው ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ ከሰሉ ፍም እስኪሆን ጠበቅኩ። ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም ይባላል፤ እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። የእናቴ ቤት ግን በሳሩም በግድግዳውም ይተነፍስ ነበር። የቆርቆሮዋም ክፍል በየምስማሩ ቀዳዳ ነፋስ ታስገባለች። ይሄኛውን ደፍኜ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ፍሙን ሳሎን አስገባሁ። በሩን ዘግቼ ከሥሩ ብርድ ልብስ ጠቀጠቅኩ። "በሩን እንዳትነኩ፣ ሙቀቱ ይወጣል" አልኳቸው።

መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ አይገባኝም። ራሴን አመመኝ፤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው አልኩ። ትንሹ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም። እንኳን አረፈ ብዬ ደስ አለኝ።

ስልኩ ጮኸ፤ አባታቸው ነው። "እስቲ ውጭ እዩ። እዚህ በረዶ ይወርዳል፤ ደንበኛው ዳቦውን ትቶ ይጨፍራል" አለ።

እኛ በረዶ ስንል የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ይሄ ድምፅ አልነበረውም። ሴት ልጄ ወሬውን ከስልኩ ሰምታ ብርድ ልብሱን ጎትታ በሩን ከፈተችው።

"ዝጊ" አልኳት።

"ማሚ፣ ስኖው ነው።"

"ዝጊ ብዬሻለሁ።"

አልዘጋችም። ወንድሟን እንዲያይ ቀሰቀሰችው፤ አልነቃ ሲላት በብብቱ ይዛ በካልሲው እየጎተተች ግቢ አወጣችው። ተከትዬ ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔ የከረጢቱ ጽሑፍ ቃል በቃል መጣብኝ።

ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። ልጁ በረዶው ላይ ተቀምጦ አስመለሰው፤ ከዚያ አለቀሰ። ለቅሶው እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማንደጃውን አውጥቼ ፍሙን ጓሮ ደፋሁት። በነጩ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ሠራ፤ በረዶ እየዛቅኩ ሸፈንኩት። ገብቼ ፕላስተሩን ሁሉ ገነጠልኩ። ልጁን ሐኪም ጋ መውሰድ ነበረብኝ። ምን ሲነድ ነበር ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ አልወሰድኩትም።

ከሰዓት በኋላ አባታቸው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ልጁ ገርጥቷል፣ ካልሲው እርጥብ ነው።

"ማን ነው በዚህ ብርድ ያወጣው?"

"እሷ" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እሷ ናት ያወጣችው።

"እናትሽ ዝጊ አላለችሽም?" አላት።

"ብላኛለች።"

"ታዲያ ወንድምሽን ልትገድይው ነው?"

ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ካልሲ እጨምቅ ነበር።

ልጁ በማግስቱ ዳነ። ወሬው ግን አልሞተም። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ከቸርች መልስ እንግዳ ሲኖር፣ አባቷ "ይቺን አያችኋት? ወንድሟን በበረዶ ልትጨርሰው ነበር" ይላል። ክፋት የለውም፣ ጨዋታ ነው። እንግዶቹም ይስቁና "ጌታ ነው ያተረፈው" ይላሉ። እኔ የታጠበ ሰሃን ላጥብ እነሣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አብራ ሳቀች። በሁለተኛው አልሳቀችም። እያደር ሳትጠይቅ በር መክፈት ተወች። የመኝታ ቤቷን መስኮት እንኳ፣ እዚህ አገር በጋ በሆነው በታኅሣሥ ሙቀት፣ "ማሚ፣ ልክፈት?" ብላ ነው።

በዚህ ክረምት አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ሆነን ሽንኩርት አረረብኝ። ቤቱ በጭስ ተሞላ። ልጄ መስኮቱ ሥር ቆማ ታስላለች፤ ዓይኗ ያነባል፤ እጇ መክፈቻው ላይ ነው።

"ማሚ፣ ልክፈት?"

"ክፈቺው" አልኩ። ምድጃውን አጥፍቼ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ከረጢቱን፣ ፕላስተሩን፣ ፍሙን፣ ጓሮ የሸፈንኩትን ጉድጓድ። "እሷ" ያልኩትንም።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። "በረዶው አይደለም ማለት ነው ያሳመመው?"

"አይደለም። አንቺ በሩን ባትከፍቺ ሦስታችንም እዚያው እንቀር ነበር።"

"ሲሪየስሊ?"

"አዎ።"

"አባዬ ያውቃል?"

"ነገ ከእንግዶቹ በፊት እነግረዋለሁ።"

"በፊት አይደለም" አለች። "እነሱም ባሉበት።"

"እሺ" አልኩ።

"ግን አንብበሽዋል። ለሰውም ትናገሪ ነበር። ለምን አስገባሽው?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

ከዚያ ሄዳ የጓሮውን በር ከፈተችው። አልጠየቀችኝም።