ከባኮ የመጣ አዋጅ

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ከአምቦ ወደ እጃጂ ስሄድ ሬዲዮኑ «ረቂቅ አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ በአዋጅ የሚስቅ ሰው ምኑ ይታመናል? እኔ ግን «ጸደቀ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የጋሽ ሽኩር ሻይ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ።

ጋሽ ሽኩር ከስልጤ መጥተው እጃጂ መንገድ ዳር ሻይ ቤት የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ከክረምት ጭቃ ወጥቶ የእሳቸውን ትኩስ ፓስቲ የቀመሰ አይረሳውም። ደንበኞቻቸው መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችና ሹፌሮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የእኛው የሲቪክስ አስተማሪ መምህር ገመቹ፣ አንድ ጨዋታ አመጡ። ምክር ቤት የገባው ረቂቅ ሕግ ይጸድቃል ወይስ ይወድቃል? የአንድ ሻይ ሒሳብ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሁለት ቆርኪ ይሰጠዋል፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ። ሕጉ ከጸደቀ ነጩ ሻይ ያስጠጣል፤ ከወደቀ ቀዩ። ስለዚህ ይጸድቃል ብሎ ያመነ ቀዩን እየሰጠ ነጭ ይሰበስባል። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ገበያው ይገለባበጣል። አንዱ ተሳፋሪ «ተወካዮቹ አልተስማሙም» ካለ ነጭ ይረክሳል፤ ሌላው «ተስማምተዋል» ካለ ይወደዳል። ለጴንጤውም ለሙስሊሙም ቁማር ኃጢአት ስለሆነ ስሙን «ግምት» አሉት። በስም ማውጣት ማን ይችለናል!

በዚያ ዓመት ትልቁ ግምት የቤተሰብ ሕጉ ነበር። የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ስምንት ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ጨፌው፣ የክልሉ ምክር ቤት ማለት ነው፣ ዘንድ ቀርቦ ነበር። ሰው ይከራከርበታል፣ ይስቅበታል። እኔ አልሳቅኩም። የአሥራ ስድስት ዓመት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ደግሞ ለጌዶ ሰዎች ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ሠርጉ እህል ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው።

አባቴ ኦቦ ዳባ ክፉ ሰው አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም። መከራዬም ይኸው ነበር። እናቴ ስታለቅስ «ምን ላድርግ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይልና አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ስኳር ልግዛ እያልኩ እገባና «ጋሽ ሽኩር፣ ዛሬ ነጭ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ሦስት ነጭ በአንድ ቀይ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

«ምነው ልጄ? አንቺ ሻይ አትጠጪ፣ ምን አስጨነቀሽ?»

ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ይነግሩኝ ጀመር፤ ነጭ የረከሰ ዕለት ደግሞ ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡኛል።

ሰኔ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የጌዶ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ መጡ። ዝናብ ስለያዛቸው አባቴ ጋሽ ሽኩር ቤት አስገባቸው። እኔ ጃንጥላ አምጥቼላቸው በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከባኮ በኩል በቆሎ የጫነ መኪና ጭቃ እየረጨ መጣና ቆመ። ባኮ ችግኝ የሚያፈላው ድሪባ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«ጋሽ ሽኩር! ጸደቀ! ጸደቀ እኮ!»

ቤቱ ቀለጠ። ነጭ የያዘ ሁሉ ቆርኪውን ጠረጴዛ ላይ እየመታ «ሻይ! ሻይ!» አለ። መምህር ገመቹ ወንበር ላይ ወጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴን «ምንድን ነው?» አሉት። አባቴ ወደ መኪናው አየ፤ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«የጋብቻው ሕግ ጸደቀ ይላሉ። እኔ ቃሌን አላጥፍም፤ ግን ከሕግም አልጣላም። አሥራ ስምንት ይሙላት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ቶሌ፣ እሺ፤ ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል?» አሉና ተስማሙ።

ይኼኔ ድሪባ በጣሳ የተተከለ የማንጎ ችግኝ ታቅፎ ገባ። ጋሽ ሽኩር ማንጎ እየተከሉ ሲደርቅባቸው እሱ ባኮ አሳድጎ ሊያመጣላቸው ቃል ገብቶ ኖሯል። የጸደቀው ችግኙ ነበር! በኦሮምኛ ቢናገር ችግኝና ሕግ አንድ ቃል አይጋሩም፤ ለስልጤው ወዳጁ ብሎ በአማርኛ ጮኾ አገር አሳሳተ። ጋሽ ሽኩር ችግኙን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወስደህ ጓሮ አስቀምጠው፣ ዝናብ ያግኘው» አሉት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስተው ነጭ ለያዘ ሁሉ ሻይ ይቀዱ ጀመር።

ስህተቱ የታወቀው ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ አባቴም «አሥራ ስምንት» ያለውን ቃል አላጠፈም። እውነተኛው ዜና ሲመጣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጋሽ ሽኩር «አንድ ሕግ ሁለቴ የጸደቀው እጃጂ ብቻ ነው» እያሉ እንደገና ቀዱ። የጌዶው ልጅም ሳይጠብቀኝ አገባ፤ እግዜር ይስጠው።

ዛሬ አምቦ ነርስ ነኝ። ጋሽ ሽኩር ካረፉ ቆዩ፤ ሻይ ቤቱ የሞባይል ሱቅ ሆኗል፤ ማንጎው ግን ጓሮው ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ከፍሬው ተሰጥቶኝ ለአባቴ ወሰድኩለት። እየላጥኩለት «አባ፣ ዛሬም አንድ አዋጅ ጸደቀ ተባለ» አልኩት።

«ወሬው ከየት በኩል መጣ?»

«ከአዲስ አበባ ነዋ!»

«እንግዲያስ ይኼኛው እውነት ነው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ያን ቀን የሕግ ወሬ በአምቦ በኩል ከአዲስ አበባ እንጂ በተቃራኒው ከባኮ እንደማይመጣ ያ ሁሉ ሰው ልብ አላለም። አባቴ ግን መኪናው ከየት በኩል እንደመጣ አይቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጋሽ ሽኩርን ብቻ ሳመሰግን ኖሬያለሁ።

«አልዋሸሁም፣ ኢንተላ ኮ» አለ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ይላሉ ነው ያልኩት።»

እጁን ስቤ ሳምኩት። ማንጎ ማንጎ ይሸት ነበር።