ከቤታችን በላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ዋልካ አፈር ከበጋው በኋላ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ኮምቦልቻ በማስተምርበት ክፍል በመስኮት በገባ ቁጥር ጠመኔዬን እንደያዝኩ ንግግሬ ይቋረጣል። ሌላውን ሰው ደስ የሚያሰኘው ይህ ሽታ እኔን ደሴ፣ ተዳፋቱ ላይ ወደነበረው ቤታችን፣ ጣልያን ከተማውን ይዞ ወደነበረበትና ሰባት ዓመት ወደሆነኝ ዘመን ይመልሰኛል።

አባቴ ይማም ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችንን በገዛ እጁ እንጨት አቁሞ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ የሠራው ጥቁር ዋልካ ላይ ነው። የዋልካን ጠባይ አስቀድሜ ላስረዳ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ በበጋ ረጅም ዘንግ ስንጥቁ ውስጥ ብንሰድ መጨረሻውን አይነካልንም ነበር። ስለዚህ ግድግዳችንም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሰነጠቅ ነበር፤ እናቴ ዘሀራም ዒድ ሲደርስ ጭቃና እበት ለውሳ ትለስነው ነበር። ይህን እንደ አደጋ የሚቆጥር አልነበረም።

በዚያ በጋ በየግቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፈር ታዘዘ። ከቤቱ በታች ቢቆፈር ኖሮ ፍሳሹ ወደ ገደሉ ወርዶ ይቀር ነበር። ነገር ግን ሰጋጅ ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላ በእኛ አገር ወደ ሰሜን ነው፣ የግቢያችን ቁልቁለትም ወደ ሰሜን ነበር። አባቴ ቁልቁል አየና «አስተግፊሩላህ! ፊቴን ወደ ሽንት ቤት አዙሬ ልሰግድ ነው?» ብሎ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጀርባ ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቆፈረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም አደቡን አመሰገኑለት።

በልግ ሲገባ እናቴ ከጉድጓዱ በታች የተከለችው ዱባ ሳታጠጣው እየተሳበ፣ ቅጠሉ እየሰፋ ሴቶቹ ዘር ሊለምኑ ይመጡ ጀመር፤ እርጉዝ ስለነበረች ሆዷን እየዳሰሰች «ከዱባው ጋር እኩል ገፋን» እያለች ታስቃቸው ነበር። የጉድጓዱ ውሃ በበጋው ስንጥቆች ሾልኮ፣ ዱባውን አጠጥቶ፣ ወደ ቤታችን መሠረት እንደሚወርድ ማን አሰበ?

በዚያ ዓመት እናቴ ጎንበስ ማለት ስለከበዳት የመኝታ ክፍሉን ስንጥቅ አልለሰነችውም፤ ትልቅ የሰንደዶ ስፌት ሰቅላ ሸፈነችው። እኔም ከስፌቱ ሥር፣ ስንጥቁ ውስጥ ዶቃዎቼን እደብቅ ነበር። በበልጉ መጀመሪያ ሁለት ጣቴ ብቻ ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲብት ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። ብናገር በጭቃ እንደሚደፈንና ዶቃዎቼም እዚያው እንደሚቀሩ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

እናቴ በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ለአራሷ አጥሚት ይዘው መጡና፣ ከአልጋው አጠገብ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ይማም፣ ይህ ግድግዳ አልቦታል። ዘሀራን ወደ እኔ ቤት እንውሰዳት።»

«አራስ እኮ ናት እትዬ ደስታ! አርባ ቀኗን ሳትጨርስ የት ትወጣለች?»

«ግድግዳውስ አርባ ቀን እቆያለሁ ብሎሃል?»

እናቴ ሕፃኑን እንዳቀፈች ሳቀች። «ይተዉት፣ እሱ ቀዳዳ የሚታየው ልብስ ላይ ብቻ ነው።»

አባቴ ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ። «እዚህ የምትውይው አንቺ ነሽ። ከስፌቱ ሥር ያለው ስንጥቅ እንደ ድሮው ነው፣ አይደል?»

ዶቃዎቼን አሰብኩና በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አዩ? ወላሂ፣ የሚያሰጋ ቢሆን እኔው ተሸክሜ አወጣት ነበር» አለ አባቴ። እትዬ ደስታ ግድግዳውን አንዴ፣ እኔን አንዴ አይተው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ፣ በራፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ከባድ ጆንያ መሬት ላይ እንደተጣለ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ጩኸት አልነበረም። የኋላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተኝቶ፣ ከላይ የነበረው ዋልካ እንደ ገንፎ እየተንሸራተተ ክፍሉን ሞላው። ጎረቤት ሁሉ በአካፋም በእጁም ቆፈረ። እናቴን እግሯ ተሰብሮ በሕይወት አወጧት። ወንድሜን ያወጣው አባቴ ነው፤ ከአፍንጫው ጭቃውን ጠርጎ ጠርጎ፣ ብዙ ጊዜ ጠብቆ፣ በመጨረሻ በጋቢው ሸፈነው። ስሙ ከወጣለት ገና አራት ቀኑ ነበር።

ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አለ። አባቴም እንዲሁ አለና ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ዋልካ በሌለበት ዓለታማ ቦታ ላይ ሌላ ቤት ሠራ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እያነከሰች ትሄድ ነበር። ስለ ስንጥቁ አባቴ ዳግም አልጠየቀኝም፤ እኔም እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

ዛሬ ለተማሪዎቼ ሥሩ በተበሳ ሦስት ጣሳ ዋልካ፣ ቀይ አፈርና አሸዋ ሞልቼ፣ እኩል ውሃ አፍስሼ፣ የትኛው እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው እንደሚያብጥ አሳያቸዋለሁ፤ ጉድጓድ ከቤትም ከምንጭም በታች የሚቆፈርበትን ምክንያት አስረዳቸዋለሁ። «ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያኔ ለአባቴ የአንዲት ልጅ ራስ መነቅነቅ በቅቶት ነበር። እኔን አይበቃኝም፤ አንድ በአንድ አስነሥቼ ያዩትን በገዛ አፋቸው እስኪነግሩኝ ድረስ፣ ደወል ቢደወልም አልለቃቸውም።