የጽሕፈት ስህተት

አፌ ከእጄ ይቀድማል፤ ይህን እናቴም ደንበኞቼም ነግረውኛል። ብዕሬም ያው መሆኑን ያወቅሁት ግን አጋሮ ላይ ነው።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ቀን አጋሮ ያለ፣ የቡና ገበሬዎችን የሚመዘግብ ቢሮ ጠራኝ። ጸሐፊዋ ከታይፕራይተር ዘመን የመጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። የገበሬውን ስም፣ ቀበሌውንና ማሳውን ሲያስገቡ ይውላሉ፤ በማግስቱ ሲከፍቱት ከፊሉ የለም። መዝገቡ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል አንድ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ውስጡን ስፈትሽ ዲስኩ «ልጽፍ ሞክሬ አልቻልኩም» የሚል አቤቱታ ገጽ በገጽ አስቀምጧል። አርጅቷል ብዬ ደመደምኩ።

ሪፖርቱ በአማርኛ ይሁን ተባልኩ። ትንሽ ልራቀቅ ብዬ ሰርቨሩን በቁሙ ተርጉሜ «አገልጋይ» አልኩትና እንዲህ ጻፍኩ፦ «በአገልጋዩ ላይ ተደጋጋሚ የጽሕፈት ስህተት ተገኝቷል። በአስቸኳይ መተካት ያስፈልጋል።» ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌበት፣ ደስ ብሎኝ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

በሳምንቱ አዲስ ዲስክ ይዤ ስመጣ ጸሐፊዋ ሰላምታዬን በግማሽ ተቀበሉት። የቢሮው ኃላፊ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ሪፖርትህ ግልጽ ነበር» አለኝ። «ለጸሐፊዋ ማስጠንቀቂያ ሰጥተናቸዋል። በዚህ ወር ስም ከጠፋ ወደ መጋዘን ይዛወራሉ፤ ተተኪም እየፈለግን ነው።»

ነገሩ ሲገባኝ ውሃ ሆንኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ የለ? አገልጋይ ያልኩት ሰርቨሩን ነው፣ መጻፍ ያቃተውም ዲስኩ ነው እያልኩ ለማስረዳት ተንተባተብኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ያምናል። «እሺ፣ ዲስኩን ቀይረው» አለ። «ከዚያ በኋላም ስም ከጠፋ ግን ምን ልበል?»

ቀየርኩት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ዐሥር ያህል ስም ጠፋ።

ይባስ ብዬ አረፍኩት። ዲስኩ አዲስ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አሮጌ ተብለው የቀሩት ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው። ኃላፊው አንገቱን ነቀነቀ። ያን ቀን ወደ ጅማ አልተመለስኩም፤ አጋሮ አደርኩ። በማግስቱ ገመዱን ቀየርኩ። የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነውን ስታብላይዘርም ቀየርኩ። ስህተቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ጠዋቱን ሙሉ ከሰርቨሩ ጋር እንደ ጣውንት ስጨቃጨቅ አረፈድኩ።

ሲታክተኝ ጸሐፊዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መቼ መቼ እንደሚጠፋባቸው ጠየቅኋቸው።

«መቼ እንደማይጠፋ ልንገርህ» አሉኝ። «ዓርብ ከሰዓት የጻፍኩት ጠፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?»

ዓርብ ከሰዓት ሌላው ቀን የሌለው ምን እንዳለው ሳስብ፣ ያለው ሳይሆን የሌለው ነገር ትዝ አለኝ። ከቢሮው ግድግዳ ጀርባ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሚቀሽር ማሽን አለ። ድምፁን ከመልመዴ የተነሳ አልሰማውም ነበር። ባለማሽኑ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ከዘጋ እስከ ቅዳሜ አይከፍትም። ሰርቨራችን ደግሞ በዚያው ግድግዳ ላይ በተቸነከረ መደርደሪያ ነው የተቀመጠው። መደርደሪያውን በእጄ ብነካው የማሽኑ ንቅጥቃጤ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። በኮረኮንች መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ደብዳቤ ለመጻፍ የሞከረ ሰው የዲስኩ ችግር ይገባዋል።

ሮጬ ሄጄ ባለማሽኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት። «ወላሂ፣ ማሽኔ የሰው ስም ሲበላ ገና ዛሬ ሰማሁ» አለ፤ ግን እየሳቀ አጠፋልኝ። ማሽኑ ዝም ሲል ስህተቱም ዝም አለ። «በል አስነሳው» ስለው ስህተቱ ተመልሶ መጣ። ስህተት በማየቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰርቨሩን አውርጄ ከማዶ ባለው ግድግዳ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከጎማ በተቆረጠ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩት። ማሽኑ እስከ ማታ ሲያጓራ ጸሐፊዋም እስከ ማታ ጻፉ። በማግስቱ አብረን ስንቆጥር አንድም ስም አልጎደለም። እፎይ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊቱን በሙሉ ስለ መጋዘኑ ሳስብ ነበር ያደርኩት።

አዲሱን ሪፖርት በተራ አማርኛ ጻፍኩት፦ ሰርቨሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጸሐፊዋ አልተሳሳቱም። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ማስጠንቀቂያው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ በእጁ ረቂቅ አውጥቶ፣ እንደ ቢሮው ደብዳቤ ሁሉ፣ እንዲጽፉት ለጸሐፊዋ ሰጣቸው። እኔ አጠገባቸው ዕቃዬን ስሰበስብ እሳቸው ቁልፎቹን ሳያዩ ይጽፉ ነበር።

«ይሄኛውን ደብዳቤ መጻፍ እንኳ ደስ ሳይል አይቀርም» አልኳቸው፣ ነገሩን ለማቅለል።

«ማስጠንቀቂያውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «እዚህ ቤት ሌላ የሚጽፍ ማን አለ? አንድ ፊደል አልሳትኩም።»