ጭራ ያለው ማንገቻ

አያ ጓንጉል ዘንድ ሥራ የገባሁት አንድ ጆንያ የጠመንጃ ማንገቻ ተሸክሜ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደውን ዕቃ ከየሰፈሩ እየለቀምሁ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እሸጥ ነበር፤ ዘለበት፣ የውሃ ኮዳ፣ የድንኳን ሸራ። ጠመንጃው ሁሉ ባለቤት አግኝቶ ማንገቻው ብቻ ተረፈኝ። ኮርቻ ሰፊ ለቆዳው ይፈልገው ይሆናል ብዬ ወሰድሁላቸው።

አያ ጓንጉል ጆንያውን ዘረገፉና አንዱን አነሡ። አሸተቱት፣ አጠፉት፣ በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት። «ቆዳው ሸጋ ነው። ሻጩን ግን ገና አላወቅሁትም» አሉ። እኔም ደምሴ እባላለሁ ብዬ ስለ ራሴ ብዙ ተናገርሁ። ሲሰለቻቸው ዕቃውን ገዙኝ፤ እኔንም ከነገ ጀምረህ ደጃፍ ላይ ቁም አሉኝ። ሱቁ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበራቸውም።

በሱቁ ማዕረግ ነበረ። ቆዳ የሚቆርጡት አያ ጓንጉል ብቻ ናቸው፤ ካራቸውን ሌላ ሰው አይነካውም። ከእርሳቸው ቀጥሎ በወስፌና በጅማት የሚሰፋው አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ቆዳውን በሞራ እያሸ የሚያለሰልሰው። ሻጭ ከሁሉ በታች ነው። ከሻጭ በታች የምትሆነው ልክ ልትለካ የመጣች በቅሎ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ብትሆን ትንቀኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከወገራ አንድ ባላገር በቅሎውን እየጎተተ መጣ። በቅሎዋ ኮርቻ ሲጫንባት ትነክሳለች ብሎ አቤት አለ። አያ ጓንጉል ኮርቻውን አንሥተው እጄን ያዙና ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። ጀርባዋ በላብ ርሷል፤ ከትከሻዋ ወደ ኋላ ግን መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ አለች። የታመመችው የቱ ጋ ነው አሉኝ። የራሰው ጋ ነው አልሁ። ሳቁብኝ። ኮርቻ በደንብ የተቀመጠበት ቦታ ያልበዋል፤ አለቅጥ የሚጫነው ቦታ ላብ መውጫ ያጣል። የደረቀችውን ነካ ሲያደርጓት በቅሎዋ እኔን ነከሰች። ትምህርቱ እንዲህ ገባኝ።

ጥቂት ዓመት እንዲህ ሠራን። መስፋትም ለመድሁ። ነገር ግን ጣሊያን ከተወው ዕቃ ሁሉ የከፋብን መንገዱ ነበር። ማኪናው በረከተ። ነጋዴው ጭነቱን ወደ አሥመራ በማኪና ሲልክ ጊዜ ኮርቻና የጭነት ዕቃ የሚያዝ ሰው ጠፋ። አያ ጓንጉልም ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቼ መካነ ብርሃን እርሻዬ እገባለሁ አሉ። ሰፊውም አለስላሹም አንገታቸውን ደፉ። እኔ ከዚያ ሱቅ ሌላ መውደቂያ አልነበረኝም።

ያን ሰሞን ዓይኔ ከሰው ማጅራት ላይ አይነሣም ነበር። ዘፋኙም ደብተራውም መሣሪያውን የሚያነግተው ባገኘው ነገር ነው፤ የነጠላ ቅዳጅ፣ ገመድ፣ ያረጀ ጠፍር። የከበሮ መቺ ማጅራት ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ስንት በዓል እንደ ቆመ መገመት ይቻል ነበር። ማሲንቆ ቀላል ናት የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ መትቷት አያውቅም።

«አያ፣ በቅሎ እየቀነሰ ነው። አዝማሪና ከበሮ መቺ ግን አልቀነሰም» አልኋቸው።

«አዝማሪ ላይ ኮርቻ ጫን ነው የምትለኝ?»

«ማንገቻ ብቻ።»

የያዙትን ቆዳ አስቀመጡ። ከዚያ ካራቸውን በእጀታው በኩል አቀበሉኝ። «ለጥምቀት ካልያዘልህ ሱቁን እዘጋለሁ» አሉ። ያች ካራ እጄ የገባችበትን ቀን ከሠርጌ ቀን አሳንሼ አላያትም፤ ባለቤቴም ይህን ታውቃለች።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አዝማሪ ፈንቴ ነበር። በከተማው የታወቀ ድምፅ ያለው፣ ምላሱ ግን ከድምፁ ይልቅ የሚፈራ ሰው ነው። ማሲንቆውን በቀሚስ ቅዳጅ አንግቶ፣ ማጅራቱ ቆስሎ መጣ። ያለኝን ምርጥ የበሬ ቆዳ በመዳፍ ስፋት ቆረጥሁለት። አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ፣ ሌላውን ከዘንጉ አያያዝሁት። በጣሊያን ዘለበት አሳመርሁት። ፈንቴ ሱቁ መካከል ቆሞ አነገተው። «ሸጋ ነው፤ ምንም አይከብድ» አለ። እኔም ማታውን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም ስል አመሸሁ።

በዚያው ሳምንት የአንድ ደብር መሪጌታ ይትባረክ ሱቁ ድረስ መጡ። ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ ወጣቶቹ ደብተራዎች ከበሮ ተሸክመው ቁልቁል እየዘመሩ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ዳገቱን ይመለሳሉ። አንገታቸው እየተላጠ ሁለተኛው ቀን ላይ ከበሮው ይለግማል አሉኝ። ለደብሩ ከበሮዎች ሁሉ ማንገቻ እንድሠራ ተነጋገርን። አያ ጓንጉል ከውስጥ ሆነው ሰሙ፤ ስለ መካነ ብርሃን እርሻቸው ያን ቀን ምንም አላነሡም።

ደስታዬ እስከ ቅዳሜ ቆየ። ቅዳሜ ፒያሳ ስደርስ አንድ የማላውቀው ሰው አየኝና ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ቡና ቤቱ በር ላይ የቆመ አንድ ወዳጄ ምነው አልሰማህም አለኝ። ፈንቴ ጠጅ ቤት ቆሞ እንዲህ ብሎ ነበር፦

ማሲንቆዬን ላንግት ደምሴ ቤት ብገባ፣
አንገቴን ጠፍሮልኝ ላከኝ እንደ ሌባ።

አዝማሪ ከሰደበህ የምትከሰው የለም፣ የምትማታውም የለም። ብትቆጣ ቁጣህን ለነገ ግጥም ያደርገዋል። ስድቡ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይወጣል፣ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባል። ጠጅ ቤት እግራቸው ረግጦ የማያውቅ መሪጌታ ይትባረክም በሦስተኛው ቀን ብቅ ብለው፣ ለከበሮዎቹ ትንሽ እንቆይ አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጠጅ ቤቱ ሄድሁና ጥግ ያዝሁ። ፈንቴ ወዲያው አየኝ፤ ስድቡን ደገመልኝ፤ ቤቱ ሳቀ። ብርሌዬን ይዤ ቁጭ አልሁ። መሳቅ ሲሰለቻቸው እኔ ማየት ጀመርሁ። ሱቅ ውስጥ ሲሞክረው ፈንቴ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነበር። እዚህ ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለሚሸልመው እንግዳ ወገቡን ሰብሮ ይጎነበሳል፣ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ድምፁ ሲወጣ አገጩን ያነሣል። በተጎነበሰ ቁጥር ማንገቻው ከማጅራቱ ተንሸራቶ ወደ ጉሮሮው ይመጣል። ድምፁ ከፍ ሊል ሲል ይታነቃል። ሰውየው እውነቱን ነው የሰደበኝ።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሁለት ቀን አንግተኸው ዋልና ሳታደርቀው አምጣልኝ አልሁት። «ምነው፣ ስድቡ አልበቃህም?» አለኝ። አልበቃኝም አልሁ። በሁለተኛው ቀን ማንገቻውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ወረወረው። «ውሰድ፤ ሙክትህን እሰርበት» ብሎ ቁጭ አለ።

ከአያ ጓንጉል ጋር ፊት ለፊታችን ዘረጋነው። የውስጡ ፊት በላብ ጠቁሯል። በአንድ ጠርዙ ግን ከሱቅ እንደ ወጣ ሆኖ የደረቀ መስመር አለ፤ ከጉሮሮው የሚገጥመው ጠርዝ ነው። አያ ጓንጉል በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህች ቁልቁለት የምትወርድ በቅሎ ናት» አሉ።

«ማን ነው በቅሎ?» አለ ፈንቴ።

እኔ ግን ኮርቻዎቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ ዞሬ ነበር። ቁልቁለት የምትወርድ በቅሎ ኮርቻው አንገቷ ላይ እንዳይሄድ በጅራቷ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ይያዝላታል። ይህን ጠፍር ሱቁ ከገባሁ ጀምሮ ሸጬዋለሁ። ሰው ሲጎነበስ ያው ቁልቁለት መሆኑ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔም ለሌላም አልታየም።

አዲስ ቆረጥሁ። ስፋቱን ማጅራቱ ላይ ብቻ ተውሁት፤ ወደ ፊት ሲመጣ አጠበብሁት። ጠርዙን በካራ ፍቄ አሳሳሁ፣ በሞራ አሸሁት። ከማጅራቱ ሥር የበግ ጠጉር በፍየል ቆዳ ሸፍኜ ሰፋሁ። ከዚያ ከማጅራቱ መካከል ቀጭን ጠፍር አወረድሁና በጀርባው በኩል ከወገቡ መታጠቂያ ጋር በዘለበት አሰርሁት። ሲጎነበስ ጠፍሩ ይወጠራል፣ ማንገቻውን ባለበት ይይዘዋል፤ ክብደቱ ከአንገት ወርዶ ወገብ ያገኛል።

አስጎነበስሁት። አስዘለልሁት። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሚያየን ሰው በዛ። ፈንቴ ሳይከፍልም ሳያመሰግንም ወጣ። ደግ ምልክት ይሁን መጥፎ አላወቅሁም።

የነቢያት ጾም ቅበላ ዕለት ከቀትር በኋላ ጠጅ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጾሙ ሳይገባ ከመሪጌታ ቁርጤን ማወቅ ነበረብኝ፤ ጾሙ ከገባ ፈንቴ አይዘፍንም፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጥምቀት ደርሷል። ፈንቴ ተነሣ። እስከ ወገቡ ተጎንብሶ አንዱን ሽማግሌ አሞገሰ። አገጩን አነሣ። ድምፁ ወጣ፤ ቀጥሎም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ የሚወጣበት ቦታ አገኘ። ብርሌ የያዘ ሁሉ ብርሌውን እንደ ያዘ ቀረ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ኩራቴ በልብሴ ሥር አልያዝ አለኝ።

ምስጋናዬን ጠበቅሁ። ፈንቴ ወደ እኔ ዞረ፤ ቤቱም ከእርሱ ጋር ዞረ።

ደምሴ ኮርቻ ሰፊው አይቶኝ እንደ በቅሎ፣
ጭራ ሰፋልኝና ሸኘኝ በል ሂድ ብሎ።

ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጠን፣ ነጠላውን ገለጠና ጠፍሩን እየወዘወዘ ዞረ። ሰው በሳቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን ሽልማት እኔ አልቆጠርሁትም፤ እርሱ ግን ቆጥሮታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ግጥም ሳይል የወጣበት ድግስ የለምና።

በማግስቱ መሪጌታ ይትባረክ መጡ። ቁመው ሱቁን ዙሪያውን አዩ። እኔ ከወስፌዬ ቀና አላልሁም።

«ያ አዝማሪ አሁንም ይሰድብሃል አሉ።»

«ይሰድበኛል፣ መሪጌታ።»

«ማንገቻውንስ አወለቀው?»

«ለመኝታ ብቻ ነው የሚያወልቀው ብላለች ሚስቱ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «እንግዲያ ለእኛም ሥራልን። ጭራው ግን ከነጠላው ሥር ይሁን። ለከበሮ መቺዎቼ ግጥም እንዳይወጣላቸው» አሉ።

ጾሙን ሙሉ ሠራን። ለእያንዳንዱ ደብተራ ልክ የወሰድሁት ከበሮውን አንግቶ፣ እየዘለለና እየዞረ ነው። መጀመሪያ አፈሩ፤ በኋላ ሱቁ ውስጥ ወረብ ሆነ። አያ ጓንጉል በራቸው ላይ ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።

በጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ታቦቱን ያያል። እግዜር ይቅር ይበለኝና እኔ ያየሁት ማጅራት ነበር። ከበሮው ቁልቁል ወረደ፣ በማግስቱም ዳገቱን ሳይለግም ወጣ። ማንገቻዎቹ ሲመለሱልኝ እያንዳንዱን ገልብጬ ዳሰስሁ። ዳር እስከ ዳር ርሰዋል። ደረቅ መስመር የለም።

አያ ጓንጉልም ዳሰሱ። መካነ ብርሃንም አልሄዱም፤ እዚያው ሱቃችን ደጃፍ አረጁ።

ከዚያ ወዲያ የክራር መቺ መጣ፣ ፒያሳ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው መጣ፣ ከሳንጃና ከጭልጋ ድረስ ሰው ላኩብኝ። የሚጠሩት በስሜ አልነበረም። «ያን አዝማሪው የሚሰድበውን ባለ ጭራ ስጠን» ይሉኝ ነበር። እኔም እሰጥ ነበር። ፈንቴ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሰደበኝ፤ ሦስት ማንገቻ ጨረሰ፣ አራተኛውን እንዳነገተ ሞተ።

አሁን ካራው በእናንተ በወጣቶቹ እጅ ነው። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ደንበኛ ሸጋ ነው ሲላችሁ አትመኑት። ሥራው ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ ሲመልስ ገልብጡና የደረቀውን ቦታ ፈልጉ።