በቫርኒሽ የነከርኳቸው ወታደሮች

ባለቤቴ ከውጭ አገር ስልጠና ሲመለስ ለእናቱ ሹራብ፣ ለእኔ ሽቶ፣ ለራሱ ደግሞ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ግራጫ የላስቲክ ሰዎች ተዘረገፉ። ጋሻ ያነገቱ፣ ካባ የደረቡ፣ ስሙን በማላውቀው አውሬ ላይ የተቀመጡ ወታደሮች ናቸው።

«መጫወቻ ነው?» አልኩት።

«ጨዋታ ነው እንጂ መጫወቻ አይደለም» አለኝ ቅር ብሎት። አብረውት የሰለጠኑት ሰዎች እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ርቀቱን በማስመሪያ እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ ይዋጉ ነበር አሉ። እሱም ለመደው።

ያኔ እሱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ነው። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምራለሁ። ልጅ አልነበረንም። ኢንተርኔት በእኛ በኩል ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲሰለቸው፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ጨዋታውን አስተማራቸውና እሑድ እሑድ የምግብ ጠረጴዛችን የጦር ሜዳ ሆነ።

ችግሩ ቀለም ነበር። ያልተቀባ ወታደር ማሰለፍ ነውር ነው ይላል። ሲቀባ ደግሞ እድሜ ይፈጃል። ለአንዲት ካባ እጥፋት መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊውን፣ ከዚያ ሰማያዊውን፣ ጸጉር በምትመስል ብሩሽ እየደራረበ ጥላ እንዲኖረው ሼድ ያደርጋል። ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቀባው። እኔ በኋላው ካለፍኩ «አታንቀሳቅሺኝ!» ይላል። ሳምንት ሙሉ ደክሞ አንዱን ሲጨርስ የወታደሩ ፊት ኩፍኝ የወጣበት ይመስል ነበር።

አንድ ቀን የተሰበረ ወንበር ለማስጠገን እንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው አበባ የተቀረጸበትን የአልጋ ራስጌ ቡናማ ቫርኒሽ እየቀባ ነበር። ቆሜ አየሁት። ቫርኒሹ ራሱ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጉድጓዱ ይጠቁራል፣ ከፍ ያለው ቦታ ፈካ ይላል። ማንም ሳይደክምበት አበባው ከእንጨቱ ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቫርኒሽ በጠርሙስ ለምኜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እሱ ሥራ ላይ ነበር። አንዱን ወታደር ካባውን ቀይ፣ ጋሻውን ቢጫ፣ ፊቱን ጠይም አድርጌ ያለ ምንም ሼድ ለቀለቅኩት። በማግስቱ፣ ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ፣ እግሩ ሥር ባለው መቆሚያ በፒንሳ ያዝኩና በራሱ ዘቅዝቄ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቫርኒሽ ውስጥ ነከርኩት፤ ጓሮ ወጥቼ በኃይል አራገፍኩት። አገጩ ሥር የተጠራቀመውን በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ጠረግኩለት። ቫርኒሹ ሲደርቅ ደግሞ ብሩሼን ነጣ ባለ ቀለም ነክሬ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪደርስ በጨርቅ ጠርጌ፣ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ዳበስኩት። የካባው እጥፋት፣ የጣቶቹ መሐል፣ የጺሙ ጸጉር፣ ሁሉም በየቦታው ወጣ። ያ ኩፍኛም ሠራዊት መሐል ሳቆመው እስትንፋስ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለ ባለቤቴ ሲያየው። መጀመሪያ የተናደደ መሰለኝ። መብራት ሥር ወስዶ አገላበጠው። «በቫርኒሽ?»

«በቫርኒሽ።»

ጠረጴዛው ላይ መልሶ አቆመውና «በይ ሌሎቹንም ጨርሺልኝ» አለኝ።

ጨረስኩለት። ደስ ብሎኝ ነው የጨረስኩት፣ አልዋሽም። ከሥራ ስመለስ ሻንጣዬን ወርውሬ ወደ ጓሮ ነበር የምሮጠው። ጣቶቼ ቡናማ ሆነው ሲቀሩ ተማሪዎቼ ሄና ይመስላቸው ነበር።

ባልደረቦቹ ሠራዊቱ ተሰልፎ ያዩት ዕለት ጮኹ። «ማን ቀባልህ?» አለው አንደኛው።

«እዚሁ ቤት ነው የተቀባው» አለ ባለቤቴ።

ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ግድግዳው የቀባቸው ይመስል።

ከሁሉም የምወዳት አንዲት ከዘራ የተደገፈች አሮጊት ነበረች። ነጠላ የሚመስለውን ልብሷን ቫርኒሹን አቅጥኜ ሁለት ጊዜ ነው የነከርኩላት። በጨዋታው ሕግ አቅም የላትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድማ ትላካለች፣ ጠላት እሷ ላይ ሲደክም ፈረሰኞቹ እንዲያልፉ። እሑድ እሑድ ከጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ጎን ሲወረውራት አያለሁ። አንድ ቀን «እኔም ልጫወት» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ። «ሒሳብ እኮ አለው የኔ ቆንጆ» አለ ባለቤቴ እየሳቀ። «አንቺ ቀለሙን ያዢልን።»

ሒሳብ! ቀኑን ሙሉ ማዕዘን ሳሰላ የምውል ሰው ነኝ። ግን እንግዳ ፊት ስለሆነ ስኒውን ሰብስቤ ገባሁ።

ትዳራችን የፈረሰው በአሻንጉሊት አይደለም። አንድ እሑድ ዳቦ ቆርሼ ስመጣ ባለቤቴ ዝውውር እንደተፈቀደለት ሲያወራ ከበሩ ሰማሁት። እኔ መጠየቁንም አላውቅ።

«ባለቤትህስ?» አለው አንደኛው።

«እሷስ እዚሁ ይሻላታል፣ ቤተሰቦቿ አጠገብ» አለ፣ ዳይሱን በእጁ እያንቀጫቀጨ። ከዚያ ወረወረው። ምን እንደወጣለት ትዝ ይለኛል፤ ደስ ብሎት ጠረጴዛውን መታ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የእኔን ወገን ይዘው ከጊንጪ የመጡት የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በጭልሞ ጫካ ጥበቃ ጡረታ የወጡ፣ ጃርሱማ፣ የሽምግልና ዕርቅ፣ ሲባል ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩ ሰው። ማስታረቁ እንደማይሆን ሲያውቁ ወደ ክፍፍሉ ገቡ። ቴሌቪዥኑን ይውሰደው አልኩ። ሶፋውንም አልኩ። «ወታደሮቹን ግን እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በትክክል ያልሰሙ መሰላቸው። ካርቶኑ ቀርቦ ሲያዩ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እኔ ከውጭ ያመጣሁት ነው» አለ ባለቤቴ።

«የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አጎቴ አንዱን አንሥተው በመነጽራቸው ትክክል አድርገው አዩት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉኝና ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲህ ላስቲኩ ያንተ ነው፣ ቀለሙ የሷ ነው። በዚሁ ተስማሙ።»

እኩል ተካፈሉ ማለታቸው ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የገባው።

«እሺ» አለ ባለቤቴ። «ቀለሟን እሰጣታለሁ።»

ሌላ ወር ሊጠባ ሲል፣ እናቴ ቤት እያለሁ፣ ራሱ መጣ። አልገባም። ከበሩ ላይ የዘይት ጀሪካን አስቀመጠ። ክዳኑን ስከፍተው የጋራዥ ሽታ አፈነኝ። ውስጡ ጭቃ የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ ላዩ ላይ ቀይና ቢጫ ቅርፊት ይንሳፈፋል።

«ምንድን ነው?»

«የፍሬን ዘይት። ቀለም ያስለቅቃል። ድርሻሽ ነው።»

«ሁሉንም ዘፍዝፈሃቸው ነው?»

«ሁሉንም» አለ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። የቤት ሥራውን የጨረሰ ተማሪ ይመስል ነበር። በጥርስ ብሩሽ ሲፈትጋቸው ምሽቶቹን እንዳሳለፈ ነገረኝ፤ ለአንዲት ካባ ሳምንት ይፈጅ የነበረ ሰው፣ ለዚህ ደግሞ ትዕግሥት አላነሰውም። ሄደ።

አላለቀስኩም። እናቴ «ምን አመጣ?» ስትለኝ «ዘይት» አልኳት። አጎቴ በኋላ ሰምተው ከጊንጪ ድረስ መጡ። ኮፍያቸውን እጃቸው ውስጥ እያዞሩ «እኔ እኮ ለምሳሌ ነው የተናገርኩት» አሉ። እኔ ነበርኩ እሳቸውን ያጽናናሁት። ያንን ፈሳሽ ጓሮ ብደፋው ሳሩን ይገድላል ብዬ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጥኩት። ጀሪካኑን ግን እናቴ አጥባ ለጋዝ ልታደርገው ስትል ነጥቄ ጣልኩት።

ዓመት አልፎ፣ ጊንጪ ተዛውሬ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ስልክ ደወለ። ቁጥሩን አጥፍቼው ስለነበር ሳላውቅ አነሣሁት።

«ያን ቫርኒሽ በምን ነበር የምታቀጥኚው?» አለ፣ ሰላም ካለኝ በኋላ። «ልቀባቸው ብል ዝም ብሎ ይለጠፋል።»

መዝጋት ነበረብኝ። ግን ያቺ ከዘራ የያዘች አሮጊት ፊቷ በቫርኒሽ ተደፍኖ ታየኝ። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ሁሉንም ነገርኩት፤ ቲነሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀለሙ መጀመሪያ ማደር እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚራገፍ፣ የሚጠራቀመው የት የት እንደሆነ። ሲጽፍ እስክሪብቶው ይሰማኛል። ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው። ኑሮዬን አልጠየቀኝም። የደወለው ለቫርኒሹ ብቻ ነበር።

ዛሬ ብሩሽ በእጄ የለም። ጎረቤቶቼ፣ ታሪኩን የሰሙት፣ ስለ አሻንጉሊት ይህን ያህል ቂም ምን ይባላል ይሉኛል። እናቴም ጾም በገባ ቁጥር «በቃ ይቅር በይው፣ ለራስሽ ነው» ትለኛለች። ይቅር በይ ሲሉኝ ይገርመኛል። እሱ መች ይቅርታ ጠየቀና!