ለፊልሙ የቆየው ጸጉር

የእህቴ የዓለሚቱ ጸጉር ወገቧን ይነካ ነበር። ከዚህ ልጀምር። እኔ መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ትልቅ ሴት ሆኜ። ከየት እንደሚጀመር ብዙም አላውቅም። ግን የእህቴን ነገር ሰው እያጣመመ ሲያወራው ሰማሁ። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው።

ዓለሚቱ ዓሣ ትነግድ ነበር። ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ትወርድና ከአጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተቀብላ ሲቀላ ገበያ ትሸጣለች። ባሏ ትቷት ከሄደ በኋላ ከእናታችንና ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ሥራ ላይ ጸጉሯን በሻሽ ታስረዋለች። የፊልም ሰዎቹ ባዩዋት ቀን ግን ሐይቁ ዳር ታጥባው ፀሐይ ላይ እያደረቀችው ነበር።

ሰዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት በሰባ አራት ጥር ላይ ነው። አለቃቸው አሸናፊ ይባላል፣ ሁልጊዜ ቆሞ የሚበላ ሰው። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ የጻፉት መጽሐፍ ነበረ። በሐይቁ ሥር ከተማ አለ፣ ንግሥቲቱ ጸጉሯን ስትፈታው ውሃው ይሞላል፣ ስትጎነጎነው ይጎድላል ይላል አሉ። እሱን በሦስት ክፍል ፊልም ሊያደርጉት ነው። ንግሥት ትሆናለች ብለው ያመጧትን ተዋናይ ወባ ጣላትና በአውቶቡስ መለሷት። ሌላ ሰው ቸግሯቸው ሲዞሩ ዓለሚቱን አዩ።

«እህት፣ አንድ ጊዜ ላናግርሽ?» አላት አሸናፊ።

«ዓሣው አልቋል» አለችው።

«ዓሣ አይደለም የፈለግነው። ጸጉርሽን ነው።»

«እሱ አይሸጥም።»

አጥማጆቹ ሳቁባት። «ዓለሚቱ፣ በኪሎ ስንት ነው?» አሏት። እሷ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ አሸናፊ ቤታችን ድረስ መጥቶ እናታችንን አስፈቀደ።

ቀረጻው ላይ እህቴ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቷ ቆማ ጸጉሯን ትፈታለች። አዞ እንዳይመጣ ሁለት አጥማጆች ጦር ይዘው ይጠብቃሉ። ከጨርቅና ከሽቦ የተሠራ የራሳቸው አዞም ነበራቸው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። እኔ ዳር ቆሜ አይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ላይ አጎንብሳ የምትውል ሴት እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቻት አላውቅም። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። ጦር የያዙት አጥማጆች እንኳ አዞ መጠበቁን ትተው እሷን ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። ካኪ የለበሰ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ።

«ንግሥት?» አለ። «በዚህ ዘመን ንግሥት?»

«ተረት ነው እኮ፣ ጓድ» አለው አሸናፊ።

«ተረቱም ይታረማል።»

በማግስቱ በፊልሙ ውስጥ እህቴን የሐይቅ ሥር ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር አደረጓት። ደግሞ በሳልስቱ ጨቋኝ ናት ተባለ። እሷ የተባለችውን ታደርጋለች፤ ውሃው ያው ውሃ፣ ጸጉሩም ያው ጸጉር ነው። አብረዋቸው የመጡት አስተማሪ ግን «ይህ የእኔ መጽሐፍ አይደለም» ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ነዳጅ በኩፖን ሆነና ጀነሬተሩ ቆመ። መጨረሻ ላይ ጉማሬ ጀልባቸውን ገለበጠው። ሰው ሁሉ ተረፈ፣ ካሜራው ሰመጠ።

ሊሄዱ ሲሉ የጨርቁን አዞ እኛ ጓሮ አስቀመጡ። አሸናፊ እናታችን ፊት ዓለሚቱን እንዲህ አላት፦ «ሁለተኛውን ክፍል ተመልሰን መጥተን እንቀርጻለን፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ነው የሚታየው። ሰው አንድ ቀን ነው ብሎ ነው የሚያየው። ጸጉርሽን ጫፉን እንኳ እንዳትነኪው፣ አደራ።»

«አደራው በእኔ ነው» አለች እናታችን። «እኔ እጠብቅላችኋለሁ፣ ልጄ።»

ጠበቀችውም። ቅቤ እየቀባች ትጎነጉንላታለች፤ ምድጃ አጠገብ ስትቀመጥ ትቆጣታለች። «የመንግሥት ጸጉር ነው፣ ራቂ ከእሳቱ» ትላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

ሚያዝያ ላይ በሰኔ እንመጣለን የሚል ቃል በሾፌር ላኩ። ሰኔ ሲገባ እነሱ አልመጡም፤ እናታችን ታመመችና ሞተች።

በእኛ አገር እናቷ የሞተችባት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች። ዘመድ ከደጋ፣ ከዶርዜ ወረደ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ሆነ። አክስታችን ዘሪቱ ምላጭ ይዛ መጀመሪያ እኔን ላጨችኝ። ቀጥላ ወደ ዓለሚቱ ዞረች። ዓለሚቱ ነጠላዋን ራሷ ላይ በሁለት እጇ ያዘች።

«አውልቂው፣ ልጄ» አለቻት አክስቴ።

«አክስቴ፣ ቃል አለብኝ። ይመጣሉ። በዚህ ወር ይመጣሉ።»

«እነማን?»

«የፊልም ሰዎች። እማማ ናት አደራውን የተቀበለችው።»

«አደራ ተቀባይዋ ይኸው ተቀበረች። ለማን ነው የምትጠብቂው?»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ «እናቷ ሞታ እሷ ሙሽራ ናት» አለች። ከዘመድ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አቶ ሀይሌ፣ ናቸው በመሀል የገቡት። «እስከ መስቀል ይቆይ» አሉ። በእኛ ዘንድ ኀዘን ሳይዘጋ መስቀል አይከበርም፤ ያልተላጨች ልጅ ደግሞ ኀዘኗ አልተዘጋም። በመስቀል ከዘመድ ጋር መብላት፣ ችቦው ዘንድ መቆም አትችልም። አክስቴ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ ያዢው» አለችኝ።

ያ ክረምት እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ዓለሚቱ መቀመጥ አቃታት። የዓሣዋን ግማሽ ሸጣ ግማሹን ለጎረቤቷ ጥላ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። አውቶቡስ በገባ ቁጥር ትነሣለች። ላንድሮቨር ባለፈ ቁጥር ትነሣለች። ቤት ስትመጣ ጸጉሯን ትፈታለች፣ መልሳ ትጎነጉነዋለች፣ ደግሞ ትፈታለች። ደንበኞቿ ከእሷ መግዛት ቀነሱ። «ለእናቷ ያላዘነች ሴት ዓሣ» ይላሉ፣ እየሰማች። አንዳንዴ ወደ ጓሮ ወጥታ የጨርቁን አዞ በእግሯ ትመታዋለች። ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት እንደ አሮጌ ፍራሽ ሆኗል።

«እትዬ፣ ተይው በቃ» አልኳት አንድ ቀን። «ላጪኝ በይኝና ልላጭሽ።»

«ነገ ቢመጡስ?» አለችኝ። «ያን ጊዜ እማማንም አሳፈርኳት፣ እነሱንም አሳፈርኳቸው።»

እኔ ከእሷ ጋር ተከራክሬ አላውቅም።

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ መኪና በራችን ላይ ቆመ። አሸናፊ ነበር፣ ከሾፌሩ ጋር ብቻ። ዓለሚቱ ሻሿን ጣለች። ከጓዳ እየሮጠች ነው የወጣችው፣ ጸጉሯ ጀርባዋ ላይ እየተበተነ።

«አልነካሁትም» አለችው።

አሸናፊ መጀመሪያ አልገባውም። ካልተሳሳትኩ ረስቶታል። «አዞውን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ ጸጉሯን አየና ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ... ሁለተኛው ክፍል ላይ ንግሥት የለችም። አውጥተናታል። ቀረጻውም ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዷል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከግንቦት።»

እናታችን የሞተችው በሰኔ ነው። ዓለሚቱ ይህን አልነገረችውም። «እናትሽስ ደህና ናቸው?» ሲላትም «አዞው ጓሮ ነው» ብቻ አለችው። አዞውን ሊያነሡት ሲሉ ከመሀሉ ተቆረጠ፤ እዚያው ጥለውት ሄዱ።

እህቴ በርጩማ አውጥታ ደጅ ላይ ተቀመጠች። «ምላጩን አምጪው» አለችኝ። አመጣሁት። ከኋላዋ ቆሜ መላጨት ጀመርኩ። ጸጉሩ ጭኗ ላይ ሲወድቅ ከሰኔ ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ አለቀሰች። ጮክ ብላ፣ የእናታችንን ስም እየጠራች። ጎረቤቶች ወጡ፤ ማንም አልተጠጋም። ለቅሶው ሜዳ ላይ መቶ ሰው ነበረ፣ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

የእኔ ጸጉር በክረምቱ አድጎ ጣት ያክል ሆኖ ነበር። አሰብኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ አሰብኩ። ምላጩን አጥቤ ለእሷ ሰጠኋትና ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ተላጭተሻል እኮ» አለችኝ።

«ብቻሽን አታለቅሺም» አልኳት።

ላጨችኝ።

በመስቀል ዕለት ሁለታችንም መላጣ ሆነን ደጋ ወጣን። መንገድ ላይ የማያውቁን ሰዎች «እናታችሁ መቼ ነው የሞቱት?» እያሉ ጠየቁን። «አሁን ነው» አለች ዓለሚቱ። አክስቴ ዘሪቱ ከሩቅ አየችን። ገበታው ላይ ጠጋ ጠጋ ብላ ለሁለት ሰው ቦታ ለቀቀችልን።